የታሪክ ዲግሪ ዕዳውና ገቢው ሲመዘን

«ታሪክ ተምረህ ምን ልትበላ ነው?» ተብሎ ያልተጠየቀ የታሪክ ተማሪ ይገኛል ብለን አናምንም። ጥያቄውን ወላጆች በጭንቀት፣ ዘመዶች በትዝብት፣ የሌላ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችንም በቀልድ ያቀርቡታል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምንመልሰው ታሪክን ማወቅ ለአገርና ለሕዝብ ያለውን ጥቅም በመዘርዘር ነው። መልሱ እውነት ቢሆንም ከጥያቄው ጋር አይገናኝም፤ ጠያቂው የጠየቀው ስለ እንጀራ ነውና። ስለ እንጀራ ለተነሣ ጥያቄ የሚስማማው መልስ በብርና በወር ተቈጥሮ የሚቀርብ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የታሪክን ትምህርት ክብር ለጊዜው ወደ ጎን ትተን፣ አንድ ተማሪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር ታሪክ አጥንቶ ሲወጣ የሚሸከመው ዕዳ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የሚያገኘውም ደመወዝ ዕዳውን እንዴት እንደሚያነሣው ለመመርመር እንሞክራለን። የደረስንበትን በአጭሩ አስቀድመን ለመናገር፣ በአገራችን የታሪክ ተመራቂን ይበልጥ የሚከብደው በውሉ ላይ የተጻፈው ብር ሳይሆን ከምረቃው ቀን እስከ መጀመሪያው ደመወዝ ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ይህንንም ከዚህ በታች በስሌት እናሳያለን።

1ኛ. የዕዳው አመጣጥ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ተማሪዎቹ ለትምህርትም ሆነ ለመኝታና ለምግብ አይከፍሉም ነበር። ቍጥራቸው ጥቂት ስለነበረ፣ ተመራቂውም በብዛት የሚገባው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለነበረ፣ ወጪውን መንግሥት ቢችለው የሚያስገርም አልነበረም።

በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የተባለውን መርሐ ግብር አቋቋመ። በዚህ መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ከግቢ ወጥቶ በየጠቅላይ ግዛቱ፣ ይበልጡን በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ተደረገ። ይህ በእኛ አስተያየት ወጪን የመጋራት የመጀመሪያው መልክ ሊባል ይችላል፤ ልዩነቱ ክፍያው በገንዘብ ሳይሆን በጊዜና በጉልበት መሆኑ ነው።

በገንዘብ የሚከፈለው ዕዳ የመጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቍጥር 351/1995 የወጪ መጋራትን መርሕ ደነገገ፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቍጥር 91/1995 ደግሞ አፈጻጸሙን ዘረዘረ። የደንቡ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ለትምህርቱ ከሚወጣው ወጪ ደግሞ ቢያንስ ከመቶ 15 ይሸከማል። ይህን ሲማር በእጁ አይከፍልም፤ በውል ይፈርምበታል። ሥራ በያዘ ጊዜ ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየተቀነሰ ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፤ ዕዳውም በ15 ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ለመምህርነት የሠለጠነ ሰው በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፍልበት መንገድም ተከፍቷል።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ነገሮችን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። አንደኛው፣ በውሉ ላይ የሰፈረው ብር ወለድ እየተጨመረበት አያድግም። ሁለተኛው፣ የሚቀነሰው ከደመወዝ ስለሆነ ደመወዝ የሌለው ሰው በየወሩ የሚቀነስበት ነገር የለም። በዚህ አኳኋን ሲታይ ዕዳው ለስላሳ ዕዳ ነው።

2ኛ. ታሪክ ከሌላው ትምህርት ይወደዳልን?

የዕዳው ትልቁ ክፍል ምግብና መኝታ ነው። የታሪክ ተማሪና የምሕንድስና ተማሪ በአንድ ምግብ ቤት ይበላሉ፤ በአንድ ሕንጻ ያድራሉ። ስለዚህ በዚህ በኩል በዓመት የሚቈጠርባቸው አንድ ነው። ልዩነት ሊመጣ የሚችለው ከመቶ 15 በሚባለው ድርሻ ነው፤ በዚህም ቢሆን ታሪክ ቤተ ሙከራና መሣሪያ የማይፈልግ ትምህርት በመሆኑ ድርሻው ከሌሎቹ ይበልጣል ተብሎ አይታሰብም። እንግዲህ «ታሪክ ተምሮ በዕዳ ተዘፈቀ» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም። በዕዳ መዘፈቅ ካለ ሁሉም ተዘፍቋል፤ ታሪክ የተለየ ጥፋት የለበትም።

የዕዳው መጠን ከተቋም ተቋምና ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ እያንዳንዱ የራሱን ውል መመልከት ይኖርበታል። ለስሌታችን ያህል ግን የአንድ ቀን ምግብ 100 ብር ቢታሰብ፣ ዓመቱም 300 የትምህርት ቀን አለው ቢባል፣ ምግቡ ብቻ በዓመት 30,000 ብር፣ በ4 ዓመት 120,000 ብር ይሆናል። የቀኑ ምግብ 50 ብር ቢሆን 60,000፣ 25 ብር ቢሆን 30,000 ብር ይሆናል። ከዚህ በኋላ በእነዚህ ሦስት ቍጥሮች እንጠቀማለን።

3ኛ. ደመወዙ ሲተነተን

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ደግሞ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚወሰነው በሥራ መደቡ ደረጃ ነው። በአንድ መደብ የተቀጠሩ የታሪክና የምጣኔ ሀብት ተመራቂዎች አንድ ዐይነት ደመወዝ ይቀበላሉ፤ የተለያየ ትምህርት በመማራቸው የሚመጣው ልዩነት ለመደቡ ተፈላጊ ሆኖ መገኘትና አለመገኘት ነው።

በገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቍጥር 1395/2017 መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ከመቶ 15፣ እስከ 7,000 ከመቶ 20፣ እስከ 10,000 ከመቶ 25፣ እስከ 14,000 ከመቶ 30 ይከፈላል። ስለዚህ የ11,500 ብር ደመወዝ እንደሚከተለው ይከፋፈላል።

ጠቅላላ የወር ደመወዝ፦ 11,500 ብር
የሥራ ግብር፦ 2,100 ብር
የጡረታ መዋጮ፣ ከመቶ 7፦ 805 ብር
የወጪ መጋራት፣ ከመቶ 10፦ 1,150 ብር
በእጅ የሚገባ፦ 7,445 ብር

በወር 1,150 ብር ሲቀነስ የ30,000 ብር ዕዳ በ26 ወር ከጥቂት ቀናት፣ የ60,000 ብር ዕዳ በ52 ወር ከጥቂት ቀናት፣ የ120,000 ብር ዕዳ ደግሞ ከ104 ወር ማለትም ከ8 ዓመት ከ8 ወር በላይ በሆነ ጊዜ ይጠፋል። ሦስቱም ከ15 ዓመቱ ወሰን በታች ናቸው። በቀድሞው የ6,940 ብር ደመወዝ ሲሆን የሚቀነሰው 694 ብር ስለነበረ የ30,000 ብሩ ዕዳ 43 ወር ይፈጅ ነበር። ዕዳው ባለበት ቆሞ ደመወዙ ከፍ ሲል የመክፈያው ጊዜ ከሲሶ በላይ አጠረ ማለት ነው። ገንዘብ በሚረክስበት ዘመን ወለድ የሌለው ዕዳ እያደር እንደሚቀል ከዚህ ይታያል። ነገር ግን የገበያ ዋጋ የደመወዙንም አቅም ስለሚበላ፣ 7,445 ብር ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ጀማሪ ሰፊ ገንዘብ ነው አንልም። ከእርሱ ላይ 1,150 ብር መጕደሉ በእርግጥ ይሰማል።

4ኛ. በሌላ አገር እንዴት ነው?

የራሳችንን ሁኔታ በሚገባ ለመረዳት የሌላውን ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ አገር በወላጆቹ ሥር የሚቈጠር ተማሪ በአራት ዓመት ትምህርቱ በስሙ ከፌዴራል መንግሥት ሊበደር የሚችለው እስከ 27,000 ዶላር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025–26 የትምህርት ዓመት ለመጀመሪያ ዲግሪ የተወሰነው ወለድ ከመቶ 6.39 ነበር። ገንዘቡ ሁሉ በዚህ ወለድ ተወስዶ በ10 ዓመት እኩል እየተከፈለ ይመለስ ቢባል በወር ወደ 305 ዶላር ይደርሳል፤ ተመላሹም በጠቅላላው ከ36,000 ዶላር ይበልጣል። በዚህ አከፋፈል የወሩ ክፍያ በተበዳሪው ደመወዝ መጠን አይለዋወጥም። በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ ትምህርት የጀመሩት በዓመት ከ25,000 ፓውንድ በላይ ካገኙት ላይ ብቻ ከመቶ 9 ይከፍላሉ፤ በ40 ዓመት ያላለቀው ይሰረዛል። 30,000 ፓውንድ የሚያገኝ ሰው በዓመት 450 ፓውንድ ይከፍላል ማለት ነው።

የእኛ ሥርዓት በደመወዝ መጠን በመቀነሱ የእንግሊዙን ይመስላል፤ ወለድ ባለመኖሩ ከሁለቱም ይቀላል። ከእንግሊዙ የሚከብደው ግን አነስተኛ ደመወዝን ነጻ የሚያወጣ የታችኛ ወሰን ስለሌለው ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ መቀነሱ ነው።

ከአሜሪካ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ሕግ መሠረት የአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ተመራቂዎች ገቢ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በላይ ካልተማሩ ሠራተኞች ገቢ አንሶ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተገኘ፣ ያ ትምህርት በፌዴራል ብድር የመማር ዕድል ለተማሪዎቹ ማስገኘቱ ይቀራል። እንግዲህ የተመራቂን ገቢ መቍጠር የአንድን ትምህርት ክፍል ዕድሜ እስከ መወሰን ሊደርስ ይችላል። ቍጥሩን ራሳችን በጥንቃቄ ካልያዝነው ሌላው በችኰላ ይይዝብናል።

5ኛ. «አማካይ ገቢ» ሲባል

የታሪክ ተማሪ ማንኛውንም ሰነድ «ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ምን አስቀረ?» ብሎ እንዲመረምር ይማራል። ይኸው ጥያቄ ስለ ገቢ ለሚነገሩ ቍጥሮችም ይገባል። አምስት ተመራቂዎች በወር 8,000፣ 9,000፣ 11,500፣ 11,500 እና 60,000 ብር ያገኛሉ እንበል። ድምሩ 100,000 ስለሆነ አማካዩ 20,000 ብር ነው። ነገር ግን ከአምስቱ አንድም ሰው 20,000 ብር አያገኝም፤ አራቱ ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው። በተርታ ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚውለው 11,500 ብር ለእውነቱ ይቀርባል። ስድስተኛው ጓደኛቸው ሥራ ሳያገኝ ቤት ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ በዚህ መዝገብ ላይ ጨርሶ አልገባም። ደመወዝተኛን ብቻ የሚቈጥር መዝገብ ትልቁን ችግር ሳያየው ያልፋል።

6ኛ. ያልተጻፈው ዕዳ

ትምህርት የሚያስወጣው ሊከፈል ከተፈረመበት ብር ሌላም አለ፤ ይኸውም በትምህርት ላይ ባሉበት ጊዜ ሳይገኝ የቀረው ደመወዝ ነው። ሁለት ጓደኞች ሁለተኛ ደረጃን አብረው ጨረሱ እንበል። አንዱ በ6,000 ብር ዝቅተኛው ደመወዝ ሥራ ጀመረ፤ ግብር 700፣ ጡረታ 420 ብር ተቀንሶ 4,880 ብር በእጁ ይገባል። ሁለተኛው ታሪክ ሊማር ሄደ። በ48 ወር ሠራተኛው የሚያገኘው 234,240 ብር ነው። እርግጥ ሠራተኛውም ከዚህ ላይ ይበላል፤ ተማሪውም በዕዳ ይበላል። ስለሆነም የምግቡ ዕዳ የትምህርት ዋጋ አይደለም፤ ተማሪው የትም ቢሆን ይበላው የነበረውን በኋላ እንዲከፍል የተላለፈለት ሒሳብ ነው። የትምህርቱ እውነተኛ ዋጋ ሳይገኝ የቀረው ደመወዝና ከመቶ 15 የሚባለው ድርሻ ነው።

ባለ ዲግሪው ሥራ ሲይዝ፣ የወጪ መጋራቱ ሳይቀነስ፣ 8,595 ብር በእጁ ይገባል። ከጓደኛው በወር 3,715 ብር ይበልጣል። ሁለቱም ደመወዞች ሳይለወጡ ቢቈዩ 234,240 ብሩን ለማካካስ 63 ወር ያህል ይወስድበታል። ከአምስት ዓመት ከሦስት ወር በኋላ ይደርስበታል፤ ከዚያ ወዲያ ይቀድመዋል። ይህ የሚሆነው ግን በተመረቀ በማግሥቱ ሥራ ካገኘ ነው።

አንድ ዓመት ሥራ ፈትቶ ቢጠብቅስ? በወር ሊያገኘው ይችል የነበረው 8,595 ብር በ12 ወር 103,140 ብር ይሆናል። ይህን ከዕዳው ጋር እናስተያየው። በሰባት ወር መጠበቅ ብቻ የሚቀርበት 60,165 ብር ነው፤ ይህም በምሳሌያችን ከጠቀስነው ከ60,000 ብሩ ዕዳ ይበልጣል። አራት ዓመት ሙሉ የፈረመበት ዕዳ በሰባት ወር መጠበቅ ተተካ ማለት ነው። ልዩነቱ የመጀመሪያው በወረቀት ላይ ተጽፎ ሁሉ ያየዋል፤ ሁለተኛውን የሚጽፈው የለም። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይህ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ማነቆ አለ። ዕዳው ሳይጠራ ዋናው ዲግሪና የውጤት ማስረጃ አይሰጥም፤ ተመራቂው የሚይዘው ጊዜያዊ ማስረጃ ነው። ለውጭ አገር ትምህርት ለማመልከት ዋናው ማስረጃ ሲጠየቅ ደመወዝ የሌለው ሰው የሚያደርገው ይጠፋዋል፤ ሥራ ስለሌለው ዕዳውን አይከፍልም፣ ዕዳውን ስላልከፈለ ማስረጃውን አያገኝም። ደመወዝ ላለው ሰው ለስላሳ የሆነው ዕዳ ደመወዝ ለሌለው በር ይዘጋበታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ስለተጀመረ፣ ከመቶ 50 ያላመጣ ተማሪ እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪውን ስለማያገኝ መጠበቁ ይረዝማል።

«ሥራ መጠበቅ የታሪክ ተመራቂ ብቻ ችግር አይደለም» የሚል ሰው እውነት አለው። ሆኖም ጥያቄው ማን ይበልጥ ይጠብቃል የሚል ነው። የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣው በትምህርቱ ስም ተጠርቶ ነው፤ «ሒሳብ አያያዝ»፣ «አስተዳደር» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጽሑፍ መርምሮ ሪፖርት ማዘጋጀት ለሚጠይቅ ሥራ እንኳ «ታሪክ» ሳይጠቀስ ይቀራል። ተመራቂው ሥራውን መሥራት እየቻለ ለመወዳደር ሳይፈቀድለት ይቀራል።

7ኛ. ምን ይደረግ?

ከላይ ካልነው የሚከተለው ምክር ዕዳን ፈርቶ ከታሪክ መሸሽ አይደለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን ግን፣ ታሪክን የመረጠ ሰው የመጠበቂያውን ጊዜ የሚያሳጥርለትን ነገር ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ማሰብ ይገባዋል።

ማስተማር የሚፈልግ የታሪክ ዲግሪ ብቻውን የመምህርነት ሥልጠና አለመሆኑን ዐውቆ፣ ሥልጠናውን የት እንደሚያገኝና በአገልግሎት መክፈል የሚፈቀድለት መሆኑን ውሉን ሲፈርም ይጠይቅ። በመዝገብ ሥራ መሰማራት የሚፈልግ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ሲመርጥ በእጁ ሙያ የሚያስገባለትን ይምረጥ። በወረዳው ፍርድ ቤት ወይም በማዘጋጃ ቤት ተከምረው ያሉትን መዝገቦች ለይቶና አደራጅቶ የጻፈ ተማሪ፣ ከመጻሕፍት ብቻ ቀድቶ ከጻፈው ይልቅ ለቤተ መዛግብት፣ ለቤተ መዘክርና ለባህል ቢሮ ይፈለጋል። ግእዝን፣ ዐረብኛን ወይም የአካባቢውን ቋንቋ እስከ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ፣ ቃለ መጠይቅ ቀድቶ በጽሑፍ መገልበጥ የሚችል፣ የቍጥር ሰንጠረዥ በኮምፒዩተር የሚሠራ ተመራቂም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ለታሪክ ጥናት ራሱ የሚያስፈልጉ ናቸው፤ ለእንጀራ ሲባል ከሙያው ውጪ የተጨመሩ አይደሉም።

የትምህርት ክፍሎቻችን ደግሞ አንድ ቀላል መዝገብ እንዲጀምሩ በትሕትና እናሳስባለን። በመዝገቡ ላይ ስም ሳይጻፍ አራት ነገር ይሰፍራል፤ የተመረቀበት ወር፣ የመጀመሪያውን ደመወዝ የተቀበለበት ወር፣ የሥራው ዐይነት፣ ለወጪ መጋራት የሚቀነሰው ብር። ሥራ ያላገኘውም በአንደኛውና በሁለተኛው ዓመት ተጠይቆ «አላገኘም» ተብሎ ይጻፍ። ለአንድ ዙር ተመራቂዎች ይህን ለመሰብሰብ ጥቂት ተማሪዎችና የአንድ ወር ሥራ ይበቃሉ። የታሪክ ተማሪ የሌላውን ዘመን የግብር መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል፤ የራሱን ጓደኞች መዝገብ ሳይይዝ መቅረቱ ለሚመጣው ተመራማሪ ክፍተት ይተዋል።

የመዝገቡ ውጤት በዚህ መጽሔት ላይ በየዓመቱ ቢታተም፣ ከእኛ በኋላ የሚገቡት ታሪክን የሚመርጡት ዋጋውን ዐውቀው ይሆናል፤ የማይመርጡትም በወሬ ሳይሆን በማስረጃ ይተዉታል። እኛም የመጠይቁን ረቂቅ ለማዘጋጀት ፈቃደኞች መሆናችንን ገልጸን፣ መምህራንና ጓደኞቻችን በስሌታችን ላይ ያላቸውን እርማትና አስተያየት እንዲልኩልን እየጠየቅን ጽሑፋችንን በዚሁ እንፈጽማለን።